ሻንሲና አካል፦ አሮጌ መኪናን አዲስ አካል ስለ ማልበስና ነባሩን ስለ መጠበቅ

(በጎንደር ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ የሀብታሞች መዝናኛ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። አሮጌ መኪና ሰብስቦ ማደስ ገንዘብ የተረፋቸው የሩቅ አገር ሰዎች ጨዋታ ነው የሚለኝን ሰው ፈጽሞ ተሳስተሃል አልለውም። ነገር ግን ጥያቄው እኛንም በጥብቅ የሚነካ መሆኑን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር።

ተወልጄ ያደግሁት በጃናሞራ፣ በመካነ ብርሃን ነው። አባቴ ነጋዴ ነበር፤ እህልና ጨው፣ ኋላም ጨርቃ ጨርቅ ያመላልስ የነበረው በአንዲት ረጅም ሻንሲ ላንድሮቨር ነው። መኪናዋን የገዛት በሌላ ሰው እጅ ብዙ ካገለገለች በኋላ ነበር፤ የኋላ አካሏ ተጣምሞና ተቀዳዶ ስለ ነበር ጎንደር አምጥቶ ለአንድ ላሜራ ቀጥቃጭ ሰጣት። ባለሙያው ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ሁሉ አንሥቶ፣ በብረት አጥንት ላይ ላሜራ ቀጥቅጦ አልብሶ፣ ውስጧን ግራና ቀኝ ትይዩ የእንጨት መቀመጫ፣ ከላይ ፖርቶመጋላ፣ ከኋላ መሰላል ያላት ትንሽ አውቶቡስ አድርጎ መለሳት። በጎንደርና በደባርቅ መካከል ለረጅም ዘመን ሠራች። መንገዱ ወደ ደጋው ሲዘልቅላት ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቧሂትን በር ተሻግራ እስከ መካነ ብርሃን መድረስ ጀመረች። ሙሽራ አጅባለች፤ ምጥ የጸናባትን ሴት በሌሊት አውርዳለች፤ አስከሬንም ወደ ትውልድ መንደሩ መልሳለች። ተሳፋሪ ራሱን የሚያስደግፍበት የውስጥ ላሜራ ቀለሙ በጭንቅላት ልክ ተፍቆ፣ ብረቱ እንደ መስተዋት አንጸባርቆ ነበር። በመቀመጫው እንጨት ላይ ተማሪዎች በሴንጢ የቀረጹት ስም ነበረበት።

አባቴ ሲያርፍ መኪናዋ ለእኔ ደረሰች። በዚያን ጊዜ ማደስ ማለት ከፋብሪካ እንደ ወጣች ማድረግ ይመስለኝ ነበር። የፋብሪካውን ሥዕል ፈልጌ አገኘሁና ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። ያ የተቀጠቀጠ አካል ተነሣ፤ ሥዕሉን የመሰለ አዲስ የኋላ አካል ተሠራላት። አሮጌው ላሜራ በኪሎ ተሸጠ። ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሠራተኞቹ ያዘዝኳቸውን በሚገባ ፈጽመዋል። በደስታ እየነዳሁ ወደ መካነ ብርሃን ስገባ ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ከእናቴ ጋር አብረው ያረጁ አንዲት እመት መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይቺስ መልካም ናት፤ የአባትህዋ የት አለች?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ያንን መልስ ፍለጋ ነው።

ሻንሲውና አካሉ

የመኪናን አሠራር ለማያውቅ አድማጭ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ማስረዳት ይገባኛል። በቀድሞው አሠራር መኪና ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ሻንሲው ነው፤ ይኸውም ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ባሌስትራውንና ጎማውን የሚሸከመው የብረት መሠረት ነው። ሁለተኛው አካሉ፣ በተለምዶ ቦዲ የምንለው፣ ሰው የሚቀመጥበትና ዓይን የሚያየው ክፍል ነው። ሁለቱ በብሎን የተያያዙ እንጂ የተዋሐዱ አልነበሩም።

ሮልስ ሮይስን የመሰለ ድርጅት እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ለገዢው የሚሸጥለት ሻንሲና ሞተር ነበር። ገዢው ሻንሲውን ወደ መረጠው አካል ሠሪ ይልካል። አካል ሠሪዎቹ አብዛኞቹ ሙያቸውን ያመጡት ከፈረስ ሠረገላ ሥራ ነው፤ የእንጨት አጥንት አቁመው፣ ላሜራውን በመዶሻ ቀጥቅጠው ያለብሱታል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሻንሲዎች አንዱ የተዘጋ የቤተሰብ መኪና፣ ሌላው ክፍት የስፖርት መኪና ሊሆን ይችል ነበር። ደንበኛው ፋሽን ሲለወጥበትም ሻንሲውን ሳይሸጥ አካሉን ብቻ ያስለውጥ ነበር። አካል መለወጥ ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ኋላ ብዙ ፋብሪካዎች መሠረቱንና አካሉን በአንድነት በይደው አንድ ቅርፊት ማድረግ ጀመሩ። በታክሲነት የምናውቃቸው ፊያት ሰይቼንቶና ላዳ እንዲህ የተሠሩ ናቸው፤ ከእነዚህ አካሉን አንሡ ብትባሉ የሚቀር መኪና የለም። የጭነት መኪናዎች፣ ላንድሮቨርና ቮልስ ግን የቀድሞውን መለያየት ይዘው ቆይተዋል። የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ስለሆነ፣ በውጭው ዓለም ስንት ቮልስ አካሉ ተጥሎ በወለሉ ላይ ውድ የስፖርት መኪና የሚመስል የፋይበር አካል ተጭኖበታል። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና በመሆኑ ለጠፋው የሚያዝን አልነበረም።

ከሁለቱ ቀድሞ የሚያረጀው አካሉ ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ላሜራው ይዝጋል፤ ግጭት የሚያገኘውም እርሱን ነው። ሻንሲው ግን ዘመን ይሻገራል። ሕግም የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ በአገራችን የመኪና መታወቂያ የሆነው ሊብሬ መኪናን ከመኪና የሚለየው በሻንሲ ቁጥርና በሞተር ቁጥር ነው። ክርክሩ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ቁጥሩ ከሻንሲው ጋር ይቀራል፤ ትዝታው ግን ከአካሉ ጋር ይሄዳል።

ገበያው ምን አደረገ?

በአውሮጳ ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ ብዙ ቤንትሌዎች የተዘጋ አካል ያላቸው፣ ሐኪምና ነጋዴ የሚሄድባቸው መኪናዎች ነበሩ። ሰብሳቢዎች ግን የሚፈልጉት የውድድሩን ክፍት መኪና ሆነ። የክፍቱ ዋጋ ከተዘጋው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ብዙዎች ነባሩን አካል አውልቀው በምትኩ የውድድር መኪና አምሳያ አለበሱ። ሻንሲው እውነተኛ ነው፤ ሞተሩ እውነተኛ ነው፤ መኪናው ግን ያልኖረውን ሕይወት ይናገራል። በእጅ የተሠራ፣ ሁለተኛ የሌለው አካል ሄዶ፣ ብዙ መንትያ ያለው ቅርጽ ተተካ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ አለ። «ኦልድ ነምበር ዋን» የተባለችው ቤንትሌ በ1929 እና በ1930 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የሚካሄደውን የለማን ውድድር አሸንፋለች። ከዚያ በኋላም ተወዳድራ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. በብሩክላንድስ የሰው ሕይወት የጠፋበት አደጋ ደረሰባት። ስትጠገን የተዘጋ አካል ለበሰች፤ ኋላም ተለወጠች። በየጊዜው ብዙ ክፍሎቿ ተተክተዋል። በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመግዛት የተስማማው ወገን ይህች ያቺ አይደለችም ብሎ ተከራከረ፤ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ሰጠ። ዳኛው ያዩት የብረቱን ብዛት ብቻ አልነበረም። ለውጡ ጥቂት በጥቂት፣ ሳይቋረጥ፣ ከመኪናዋ ሥራ ጋር የመጣ በመሆኑ ማንነቷን አላጠፋውም፤ የተሸጠውም ብረቱ ብቻ ሳይሆን ታሪኳና ዝናዋ ጭምር ነው ብለው ፈረዱ።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለውጥ በራሱ ማንነትን አያጠፋም። ሁለተኛ፣ ማንነትን የሚያቆየው የለውጡ ሰንሰለት አለመቋረጡ ነው። በሥራ ላይ እያለች የተጠገነች መኪና ሰንሰለቷ አልተቆረጠም። ሃምሳ ዓመት የኖረችበትን አካል በአንድ ቀን አውልቆ ወደ ሌላ ዘመን መመለስ ግን ሰንሰለቱን መቁረጥ ነው። እኔም የሠራሁት ይህንን ነው።

ደግ ምሳሌም አለ። ከስድስቱ ቡጋቲ ሮያል አንዱ በ1932 እ.ኤ.አ. አርማን ኤስደርስ ለተባለ ፈረንሳዊ ባለጸጋ ክፍት አካል ተሠርቶለት ነበር። የሚቀጥለው ባለቤት አካሉን አስለውጦ ዛሬ የሚታየውን የተዘጋ አካል አሠራ፤ የመጀመሪያው ጠፋ። በፈረንሳይ በሙሉዝ ከተማ ያለው ሙዚየም የጠፋውን ውበት ለተመልካች ማሳየት በፈለገ ጊዜ ያለውን መኪና አላፈረሰም፤ አምሳያውን ለብቻው ሠርቶ አምሳያ መሆኑን ተናግሮ አቆመው። አምሳያ ኃጢአት የለበትም። ኃጢአቱ አምሳያው የሚቆመው በእውነተኛው መቃብር ላይ ሲሆን ነው።

ቅጥቅጥ፣ ውይይትና ቮልስ

ወደ አገራችን እንመለስ። መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ መኪና ይዞ ከጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ወዲያው አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ አስከተለ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ እኛ የመኪና ሞተር ሠርተን አላወጣንም፤ የመኪና አካል ግን ሠርተናል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው።

በገጠር መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ «ቅጥቅጥ»ን ያውቃል። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ይወሰዳል፤ በቱቦላሬ አጥንቱ ይበየዳል፤ ላሜራ ይለብሳል፤ መቀመጫ ይደረደራል፤ አውቶቡስ ይሆናል። ስሙ ራሱ የእጅ ሥራነቱን ይመሰክራል። ከዚያ በፊት «ውይይት» ነበረ፤ ኋላው ክፍት የሆነ ፒካፕ ጣሪያ ለብሶ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ሰማያዊና ነጭ ታክሲ። ከፋብሪካው የወጣው የዕቃ መጫኛ ነው፤ ሕዝቡ ያወቀው ግን ውይይትን ነው። የሰሜኑን ዳገት የወጡት ትሬንታ ኳትሮና ኤንትሬም ቢሆኑ ስፖንዳቸውን በአገር እንጨት፣ ጌጣቸውን በአገር ቀለም ያገኙ ነበሩ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ከውጭው ክርክር ይለያል። በውጭው ዓለም ጠባቂው «ፋብሪካው ወይም አካል ሠሪው የሰጠውን አትንካ» ይላል። እኛ ዘንድ ግን የፋብሪካው አካል ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሄዷል፤ ታሪካዊው አካል የጎንደሩ፣ የአዲስ አበባው ወይም የድሬዳዋው ቀጥቃጭ ሥራ ነው። «ኦርጅናል» ስንል የፋብሪካውን የመጀመሪያ ቀን ብቻ የምናስብ ከሆነ የገዛ ባለሙያዎቻችንን ሥራ እንደ ቆሻሻ እንቆጥራለን፤ ለባዕዱ ፋብሪካ አክብሮት ስንል የራሳችንን እጅ እናጠፋለን። እኔ የአባቴን መኪና ወደ ፋብሪካው ሥዕል ስመልስ ያጠፋሁት በጎንደር ከተማ የተሠራ፣ ስሙ ያልተመዘገበ የአንድ ባለሙያ ሥራ ነበር። ላንድሮቨርስ በዓለም ሞልቷል። ያ አካል ግን አንድ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ቮልስ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። በቤተ መንግሥቱ የከበሩ መኪናዎች ሞልተው ሳለ የዘመኑ ለውጥ የታየው በዚህች ትንሽ መኪና ነው። ዛሬ ማንም ሰው የዚያን ዘመን ቮልስ ገዝቶ፣ ቀለም ቀብቶ ያቺን የምትመስል ሊያቆም ይችላል። ለፊልም ሥራ ይበቃል። ነገር ግን ያንን ቀን አላየችም። በምሳሌው መረዳት የምንችለው የመኪና ዋጋ ከመልኩ ውጭ የሆነ ነገር እንዳለው ነው፤ የነበረበትን ቦታና ያየውን ነገር በአካሉ ተሸክሞ ይኖራል።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። የአየር ብክለትንና የውጭ ምንዛሪን ነገር ካሰብን ለውሳኔው በቂ ምክንያት አለው። ውጤቱ ግን በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ ብረት ሁሉ በሁለት በኩል እንዲፈለግ አድርጓል፤ በአንድ በኩል ተጠግኖ እንዲሠራ፣ በሌላ በኩል ተበልቶ መለዋወጫ እንዲሆን። ዛሬ በየጓሮው የቆመው አሮጌ መኪና ዕጣ ፈንታው የሚወሰነው በእኛ ዘመን ነው።

ታቦቱና ግንቡ

ክርክሩን ለመረዳት ከገዛ ባህላችን ሁለት ምሳሌ ልውሰድ። ለአክብሮት ስል የምናገረው በምሳሌነት ብቻ መሆኑን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

በደጋው አገር አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲያረጅ ፈርሶ ይሠራል። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ፣ የጭቃው ግድግዳ በድንጋይ ይተካል። ሕዝቡ ግን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ አይልም፤ ያው የቀድሞው ነው። ምክንያቱም ማንነቱ ያለው በታቦቱ ነው። ታቦቱ እስካለ ድረስ ሕንፃው ቢለወጥ ስሙ አይለወጥም። የመኪናውን ሻንሲ ይዞ «አካሉ ቢለወጥ ምን አለበት፣ ቁጥሩ ያው ነው» የሚለው ሰው ሳያውቀው በዚህ አስተሳሰብ ይናገራል።

ወደ ፋሲል ግቢ ስንሄድ ግን ሌላ ሚዛን እናገኛለን። እዚያ ማንነቱ ያለው በድንጋዩና በኖራው ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። ዓላማው ማጽናት ነበር፤ ሲሚንቶው ግን ከጥንቱ አሠራር ጋር የማይስማማ ባዕድ ነገር ሆነ። ኋላ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተጀመረው የጥበቃ ሥራ፣ የሲሚንቶው ጥገና እየተነሣ ነባሩ የኖራ አሠራር ተመለሰ። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በቅርቡ በተካሄደው እድሳትም ግንቡ መልኩን ለወጠ ወይስ ወደ ጥንቱ መልኩ ተመለሰ በሚል ስንቱ ሰው እንደ ተከራከረ ታስታውሳላችሁ። ያ ክርክር የከተማችን ሕዝብ ቅርስ ከምን እንደሚሠራ እንደሚገደው ያሳያል። የመኪናውን ነባር አካል አትንኩ የሚለው ሰው በዚህ በግንቡ ሚዛን ይመዝናል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ሁለቱ ሚዛኖች ይታወቃሉ። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር በአንድ ቅርስ ላይ ልዩ ልዩ ዘመናት የጨመሩት ሥራ እንዲከበር፣ አዲስ የሚተካውም ከነባሩ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። የ1994ቱ የናራ ሰነድ ደግሞ እውነተኛነት በየባህሉ ሚዛን ሊመረመር እንደሚገባው ይናገራል፤ ጃፓኖች ኢሴ የተባለውን ቤተ መቅደሳቸውን በየ20 ዓመቱ አፍርሰው እንደገና ይሠሩታልና። ዓለም አቀፉ የታሪካዊ መኪናዎች ፌዴሬሽን በ2012 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር እነዚህን አሳቦች ወደ መኪና አመጣቸው። ከቻርተሩ ዋና አሳቦች አንዱ፣ አንድ ታሪካዊ መኪና ሲታደስ የግድ ወደ ተመረተበት ቀን መልኩ መመለስ የለበትም የሚል ነው። በአገልግሎት ዘመኑ የደረሰበት ለውጥ የታሪኩ ክፍል ነው። ይህን አንቀጽ ያነበብኩት የአባቴ መኪና ላሜራ በኪሎ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ታዲያ መኪና ታቦት ነው ወይስ ግንብ? የእኔ መልስ ሁለቱንም ነው የሚል ነው፤ ሚዛኑ የሚለወጠው በዕድሜው ነው። መኪናው በሥራ ላይ ሳለ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ነው፤ ሰው ሊኖርበት፣ ሊያገለግል ያስፈልጋልና ቢለወጥ ያው ነው። ሥራውን ጨርሶ ምስክር የሆነ ዕለት ግን ወደ ግንቡ ወገን ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ላሜራ ማስረጃ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑም የምንማረው ሌላ ነገር ቀርቶብናል። ሕንፃው ሲፈርስ ነባሩ ዕቃ ሁሉ አይጣልም። አሮጌው መስቀል፣ የተቀዳደደው ብራና፣ የነተበው አልባስ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። አባቶቻችን መለወጥንም ማስቀመጥንም ያውቁ ነበር። እኛ የወረስነው መለወጡን ብቻ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አራት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ከመንካት በፊት መመዝገብ ነው። አንድ ተማሪ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ጽፎ፣ ባለቤቱንና ቀጥቃጩን ጠይቆ በአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ነው። የቅጥቅጥ ሠሪዎች ሙያ በቃል የሚተላለፍ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ሁለተኛው፣ ለውጡ የሚመለስ ይሁን። በብሎን የሚታሠረውን አትበይዱ። ሞተሩን በኤሌክትሪክ መተካት የሚፈልግ ሰው ቢመጣ እንኳ ሻንሲውን ሳይቆርጥና አካሉን ሳይበሳ ይሥራው፤ ነባሩን ሞተር ያስቀምጥ።

ሦስተኛው፣ የወለቀ ነገር ዕቃ ቤት ይግባ። አካሉ የግድ መነሣት ካለበት በኪሎ አይሸጥ። የሚቻል ከሆነ ሙሉው፣ ካልተቻለም አንድ በር፣ አንድ መቀመጫ፣ የቀለሙ ንጣፍ የሚታይበት አንድ ላሜራ ይቀመጥ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጃችን፣ የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209፣ ስለ ተንቀሳቃሽ ቅርስ ይናገራል፤ በመንቀሳቀስ በኩል እንግዲህ ከመኪና የሚበልጥ የለም።

አራተኛው፣ አምሳያ ሲሠራ አምሳያ ይባል። አዲሱ ክፍል የተሠራበት ዓመት ይጻፍበት። ገዢም ተመልካችም አይታለል።

በመጨረሻ ወደ ጀመርኩበት ልመለስ። እኒያ እመት የጠየቁኝ ጥያቄ የሻንሲ ቁጥር ጥያቄ አልነበረም። እርሳቸው የፈለጉት ልጃቸውን ወደ ሆስፒታል ያደረሰችላቸውን መኪና ነው፤ ጭንቅላታቸውን ያስደገፉበትን ላሜራ ነው። ሊብሬውን ባሳያቸው ኖሮ ያው መኪና መሆኗን በሕግ ማስረዳት እችል ነበር። እውነቱ ግን ከእርሳቸው ጋር ነበር።



ከተሰብሳቢው የተነሡ ጥያቄዎች

በጋራዥ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ ወንድማችን፣ «ከመኪናው እንጀራ የሚበላን ሰው አካሉን አትንካ ማለት ፍርድ ነው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል።

ፍርድ አይደለም፤ እኔም አላልኩም። የሚሠራ መኪና ይጠገን፣ ይለወጥ፣ ልጆች ያሳድግ። የአባቴም መኪና የተለወጠችው ለእንጀራ ነው፤ ያ ለውጥ ነው ታሪኳ የሆነው። የምቃወመው ለእንጀራ የተደረገውን ለውጥ ለጌጥ ሲባል ማጥፋትን ነው። እናንተ ዛሬ የምትቀጠቅጡት ላሜራም ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚጠበቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ስማችሁንና ዓመቱን በአንድ ማዕዘን ብትጽፉበት ደስ ይለኛል።

አንዲት ተማሪ ደግሞ፣ «ፎቶግራፍ ካለዎት ያንን የተቀጠቀጠ አካል እንደገና ለምን አያሠሩትም?» ብላ ጠይቃለች።

ይህን ጥያቄ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ፎቶግራፍ አለኝ፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎችም በከተማው አሉ። ባሠራው መልኩን አገኘዋለሁ። ነገር ግን ያ አካል አምሳያ ይሆናል፤ የተፋቀው ቀለም፣ የተቀረጸው ስም አይኖርበትም። ደግሞም አሁን ያለውን ካነሣሁ ሁለተኛ ጊዜ ሰንሰለቱን እቆርጣለሁ፤ ጥፋቴም የመኪናዋ ታሪክ ሆኗልና። ስለዚህ እንዳለች ትቻታለሁ። ከነባሩ የተረፈው አንድ የእንጨት መቀመጫ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ሠራተኞች ሲቀመጡበት ስለ ነበር ከመሸጥ አመለጠ። መካነ ብርሃን በእናቴ ቤት በረንዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከፎቶግራፉ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ምን እንደ ነበርና ማን እንዳጠፋው ጽፌ አያይዤበታለሁ። እመት ሲመጡ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው።